አባ ጴጥሮስ ፓኤዝ፦ ከሰንዓ እስር ቤት እስከ ጎርጎራ

ከባሕር ዳር በጀልባ ተነሥቶ ጣናን ወደ ሰሜን የተሻገረ ሰው ጎርጎራ ይደርሳል። በዚያ አካባቢ የዐሥራ ሰባተኛውን መቶ ዓመት የሚያስታውሱ የፈረሱ ግንቦች ዛሬም ይታያሉ። ምእመናኖቻችን ጎርጎራን ሲያነሡ አብዛኛውን ጊዜ የሚያስቡት ስለ ግንቡ ነው። እኛ ግን በዚህ እትም ልናነሣ የወደድነው በዚያ ምድር ያረፉትን የአባ ጴጥሮስ ፓኤዝን ሕይወት፣ በተለይም ወደ አገራችን ከመግባታቸው በፊት በምርኮ ያሳለፏቸውን ሰባት ዓመታት ነው። ከቅርብ ዓመታት ጦርነትና መፈናቀል ወዲህ ለምክር ወደ እኛ የሚመጡ ምእመናን፣ ያልረሱትን በደል ይቅር ብለዋል ሊባል ይችል እንደ ሆነ ደጋግመው ይጠይቁናልና።

አባ ፓኤዝ በ1564 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በስፔን፣ ከማድሪድ ብዙ በማትርቅ ኦልሜዳ በምትባል መንደር ተወለዱ። በወጣትነታቸው የኢየሱሳውያን ማኅበር አባል ሆነው በ1588 ሕንድ አገር ጎዋ ደረሱ፤ በማግሥቱ ዓመት መጀመሪያም ክህነት ተቀበሉ። ብዙም ሳይቆዩ ከእርሳቸው በዕድሜ እጅግ ከሚበልጡት ከአባ አንቶኒዮ ሞንሴራት ጋር ወደ ኢትዮጵያ እንዲሄዱ ታዘዙ። በትግራይ፣ በዐድዋ አጠገብ በፍሬሞና የሚኖሩት የፖርቱጋላውያን ተወላጆች ካህናት ያስፈልጓቸው ነበር። የቀይ ባሕር በር ግን በቱርኮች እጅ ስለ ነበረ ሁለቱ ካህናት የአርመን ነጋዴ ልብስ ለብሰው ተሳፈሩ።

ጉዞው በዐረብ ጠረፍ ላይ ተቋረጠ። በ1590 በዙፋር ባሕር ተማርከው የሐድረመውትን በረሓ እንዲያቋርጡ ተደረጉ፤ በየመንደሩም ሕዝብ እየወጣ ይሰድባቸው ነበር። ከዚያ ሰንዓ ላለው የቱርክ ፓሻ ተላልፈው ተሰጡና ዓመታትን በእስር አሳለፉ። በመጨረሻም ወደ ሞካ ወደብ ተወስደው፣ በቀዛፊዎች ጕልበት በምትሄድ የጦር መርከብ ላይ በሰንሰለት ታሰሩ። አባ ሞንሴራት በዚያን ጊዜ ሽማግሌ ነበሩ። በ1596 ቤዛ ተከፍሎላቸው ሁለቱም በሕይወት ወደ ጎዋ ሲመለሱ ሰውነታቸው ተጐሳቍሎ፣ ጤናቸው ታውኮ ነበር። አባ ሞንሴራት በ1600 በዚያው በሕንድ ዐረፉ።

አባ ፓኤዝ ከዚህ በኋላ በሕንድ እንዲቆዩ ቢለምኑ ማንም የሚነቅፋቸው አልነበረም። ይሁን እንጂ በ1603 ያንኑ ባሕር እንደ ገና ተሻገሩ። አሁንም እንደ አርመናዊ ለብሰው፣ አብደላ ተብለው ነበር የተጓዙት። የተሳፈሩትም ከማንም ጋር ሳይሆን ከቱርኮች ጋር ነበር፤ ተወዳጅተዋቸውም በሰላም ምጽዋ ገቡ። በመንገዱ ላይ የጠቀማቸው ዐረብኛ በምርኮ ሳሉ የተማሩት ቋንቋ ነበር። እኛ በሕይወታቸው ውስጥ ከሁሉ አብልጠን የምናደንቀው ይህን ነው። ያሰሯቸው ሰዎች ወገን በሆነ ሰው አጠገብ ተቀምጦ እንጀራ መቍረስ፣ ግዮንን ከማየትም ሆነ ግንብ ከመሥራት የሚከብድ ይመስለናል።

በፍሬሞና ግእዝንና አማርኛን ተምረው ሕፃናትን ያስተምሩ ጀመር። ዝናቸው ወደ ቤተ መንግሥት ደርሶ በ1604 ዐፄ ዘድንግል አስጠሯቸው። ንጉሡ ወደ ካቶሊክ እምነት አዘንብለው የሰንበትን ሥርዐት በዐዋጅ ለመለወጥ ሲቸኵሉ፣ አባ ፓኤዝ እንዲታገሡ መክረዋቸው ነበር። ንጉሡም በዚያው ዓመት በጦርነት ሞቱ። ዐፄ ሱስንዮስ በ1607 ከነገሡ በኋላ በጎርጎራ መሬት ሰጧቸው፤ በዚያም በድንጋይ ቤተ ክርስቲያን አሠሩ፣ ለንጉሡም ቤተ መንግሥት ሠሩላቸው። መሣሪያውን ራሳቸው እያበጁ ሠራተኞችን ያስተምሩ ነበር። ሚያዝያ 21 ቀን 1618 ከንጉሡ ጋር ሆነው በሰከላ የሚገኘውን የግሽ ዓባይን ምንጭ አዩ። ከእርሳቸው መቶ ኀምሳ ዓመት በኋላ የመጣው ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ ግን የቀደምሁ እኔ ነኝ አለ። የሰከላ ሕዝብ ከሁለቱም በፊት ከምንጩ ይጠጣ እንደ ነበር ግን መዘንጋት አይገባም።

በመጨረሻ ዓመታቸው የኢትዮጵያን ታሪክ በፖርቱጋል ቋንቋ ጻፉ። መጽሐፉ የታተመው ከ1905 እስከ 1906 በሮም ነው። ስለ አገራችን የተሳሳተ ነገር የጻፈውን አባ ሉዊስ ዴ ኡሬታን ለማረም የተዘጋጀ ስለ ሆነ በክርክር የተሞላ ነው፤ በቤተ ክርስቲያናችን ጥንታዊ ሥርዐት ላይም አንዳንድ ቦታ የሚከብድ ቃል ይገኝበታል። ሰባቱን የምርኮ ዓመታት ግን አልሸሸጓቸውም፤ በዝርዝር ጽፈዋቸዋል። በሐድረመውት የቀመሱትን ትኩስ መጠጥ እንኳ አልረሱም፤ ቡን በሚባል ፍሬ ገለባ የፈላ ውኃ መሆኑን ይገልጻሉ። ይህን ያነበበ ኢትዮጵያዊ ፈገግ ማለቱ አይቀርም።

ወደ ምእመናኑ ጥያቄ እንመለስ። ወደ ኋላ ያለውን ትቶ ወደ ፊት ስለ መዘርጋት ለፊልጵስዩስ ሰዎች የጻፈው ቅዱስ ጳውሎስ፣ የተገረፈውን ግርፋትና የመርከቡን መሰበር ለቆሮንቶስ ሰዎች በቍጥር ዘርዝሯል። ስለዚህ መተው ማለት ከአእምሮ መፋቅ እንዳልሆነ እናስተውላለን። አባ ፓኤዝም ሰንሰለቱን አስታውሰዋል፤ ነገር ግን በ1603 ወዴት እንደሚሄዱ የወሰነላቸው የሚጠብቃቸው ሕዝብ እንጂ ሰንሰለቱ አልነበረም።

ይህ ቃል ለእኛ ለካቶሊካውያንም ይደርሰናል። በ1632 ዐፄ ሱስንዮስ የቀደመውን እምነት ከመለሱ በኋላ በካቶሊካውያን ላይ የደረሰውን ስደት መተረክ ልማዳችን ነው። ከዚያ በፊት በኦርቶዶክሳውያን ወንድሞቻችን ላይ የደረሰውን ግን ዝም እንላለን። ደም መፍሰስ የጀመረው በአባ ፓኤዝ ዘመን ነበር፤ አቡነ ስምዖን የንጉሡን ፖሊሲ በመቃወም በተነሣው የ1617 ዐመፅ ሞተዋል። በ1625 የመጡት ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ ሥርዐቱን በችኰላ ለመለወጥ ሲነሡ መከራው እጅግ በዛ። የራሳችንን ቍስል ብቻ እየቈጠርን ስለ ይቅርታ ልናስተምር አንችልም።

አባ ፓኤዝ ይህን ሁሉ አላዩም። በ1622 ዐፄ ሱስንዮስ ከአንዲቱ በቀር ሚስቶቻቸውን አሰናብተው በእርሳቸው ዘንድ ንስሐ ገቡ። አባ ፓኤዝም ከንጉሡ ዘንድ ወደ ጎርጎራ ሲመለሱ ንዳድ ያዛቸው፤ በግንቦት ወር በኀምሳ ስምንት ዓመታቸው ዐረፉ። የተቀበሩትም በዚያው በጣና ዳር፣ ራሳቸው ባሠሩት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው።