ከከሰረ አምፖል እስከ መኪና ጭስ ማውጫ፦ የቫልተር ኔርንስት ሕይወት

ገሱባ ውስጥ ባጃጅ ወይም ሞተር ሳይክል ሲያስቸግር መካኒኩ ካንዴላውን ነቅሎ ያያል። ጫፉ ጥቀርሻ ከለበሰ ሞተሩ ቤንዚን በዝቶበታል። ከነጣ ደግሞ ቤንዚን አንሶት አየር በዝቶበታል። ቡናማ ከሆነ ደኅና ነው። ለባጃጅ ይህ ይበቃል። ቱርቦ ለተገጠመለት የቤንዚን መኪና ግን አይበቃም። ካንዴላ የሚናገረው ያለፈውን ነው፤ ቱርቦ ያለው ሞተር ደግሞ ነዳጅ ካነሰው በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ፒስተኑን ሊያቀልጥ ይችላል። ስለዚህ እንዲህ ዓይነት ሞተር የሚያስተካክሉ ባለሙያዎች ጭስ ማውጫው ላይ ዋይድባንድ የሚባል የኦክስጅን ሴንሰር ይተክላሉ። ዛሬ የማወጋችሁ ሰው ይህን ሴንሰር አልሠራውም፣ በዓይኑም አላየውም። ሴንሰሩ የቆመባቸው ሁለት ምሰሶዎች ግን የእሱ ናቸው። ሰውየው ጀርመናዊው ቫልተር ኔርንስት ነው።

ኔርንስት እ.ኤ.አ. ጁን 25 ቀን 1864 ዛሬ ፖላንድ ውስጥ በምትገኘው ብሪዘን በተባለች ትንሽ ከተማ ተወለደ። (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመተ ምሕረቶችም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አባቱ ዳኛ ነበር። ወጣቱ በዙሪክ፣ በበርሊን፣ በግራዝና በቩርዝቡርግ ተዘዋውሮ ፊዚክስ ተማረ፤ በ1887 የዶክትሬት ዲግሪውን አገኘ። ከዚያም ላይፕሲግ ሄዶ በታዋቂው ኬሚስት በኦስትቫልድ ሥር በረዳትነት ተቀጠረ። በ1889፣ ገና በ25 ዓመቱ፣ እስከ ዛሬ በስሙ የሚጠራውን ቀመር አወጣ።

ቀመሩ ሲያዩት ያስፈራል፤ ሐሳቡ ግን ቀላል ነው። ዝንጅብል ገሱባ ላይ ረክሶ ሶዶ ላይ ከተወደደ ነጋዴውን ማንም ሳይገፋው ይነሳል፤ የሚያስነሳው የዋጋው ልዩነት ነው። ልዩነቱ በሰፋ ቁጥር ነጋዴውም ይበረታል። ኔርንስት ያየው ይህን የመሰለ ነገር ነው። አንድ ንጥረ ነገር ከግድግዳ ወዲህ ብዙ፣ ከግድግዳ ወዲያ ጥቂት ሆኖ ከተገኘና ግድግዳው በኤሌክትሪክ የተሞሉ ቅንጣቶቹን ብቻ የሚያሳልፍ ከሆነ፣ ልዩነቱ በቮልት ይገለጣል። ስንት ቮልት እንደሚሆንም አስቀድሞ ማስላት ይቻላል። እንግዲህ የመጀመሪያው ምሰሶ ይህ ነው።

ሁለተኛው ምሰሶ የተገኘው ከአምፖል ነው። ኔርንስት ጎቲንገን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሲያስተምር፣ በ1897፣ ከዚርኮኒያና ከሌሎች ብርቅዬ ማዕድናት ኦክሳይድ የተሠራ ቀጭን ዘንግ የሚያበራበት መብራት ፈለሰፈ። በዘመኑ የነበረው አምፖል የካርቦን ክር ስለነበረው አየሩ ካልወጣለት ይቃጠል ነበር። የኔርንስት ዘንግ ግን እንደ ሸክላ አስቀድሞ በእሳት ያለፈ በመሆኑ አየር ውስጥ ሆኖ ያበራል፤ ብርሃኑም ነጭና ደማቅ ነበር። አንድ ችግር ግን ነበረበት፤ ዘንጉ ቀዝቃዛ እያለ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። መጀመሪያ መሞቅ አለበት። መብራት አብርቶ ቆሞ መጠበቅ ማን ይወዳል? ያም ሆኖ ኔርንስት የፈጠራ መብቱን ለኤ.ኤ.ጌ. ኩባንያ በአንድ ሚሊዮን ማርክ ሸጠው። ጥቂት ዓመታት እንዳለፉ ወዲያው የሚበራው የተንግስተን አምፖል መጣና የኔርንስትን መብራት ከገበያ አስወጣው። ኩባንያው እጁ ላይ የከሰረ ዕቃ ሲቀር ገንዘቡ ግን ኔርንስት ኪስ ውስጥ ነበር።

ሰውየው መኪና ይወድ ነበር። መኪና ብርቅ በነበረበት ጊዜ ገዝቶ ከነዱት አንዱ ነው። ዳገት ሲገጥመው ሞተሩ ጉልበት እንዲያገኝ ናይትረስ ኦክሳይድ ጋዝ ይጨምርለት እንደነበርም ይተረካል። ነገሩ ቀልድ አይደለም። ይህ ጋዝ ሲሞቅ ኦክስጅን ይለቃል፤ ኦክስጅን ሲበዛ ብዙ ነዳጅ ማቃጠል ይቻላል። ዛሬ ቱርቦ አየር አምቆ የሚሠራው ሥራም ዓላማው ያው ነው።

በ1905 ወደ በርሊን ተዛወረ። እዚያም ዛሬ ሦስተኛው የቴርሞዳይናሚክስ ሕግ የምንለውን አስተዋወቀ፤ የ1920 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት የተሰጠውም በዚህ ዘርፍ ባበረከተው ሥራ ነው። በ1913 ከማክስ ፕላንክ ጋር ዙሪክ ድረስ ሄዶ ወጣቱን አልበርት አይንስታይንን ወደ በርሊን እንዲመጣ ያግባባውም እሱ ነበር።

ታዲያ ዕውቀትን ሥራ ላይ ለማዋል ያለው ጉጉት መልካም ነገር ብቻ አላመጣም። አንደኛው የዓለም ጦርነት በ1914 ሲፈነዳ የ50 ዓመቱ ፕሮፌሰር መኪናውን ይዞ በሹፌርነት ዘመተ። ቀጥሎም መርዛማና የሚያስለቅስ ኬሚካል በመድፍ ጥይት እንዲተኮስ በተደረገው ምርምር ተካፈለ። ይህን መሸፋፈን አይቻልም። ጦርነቱ ሁለት ወንዶች ልጆቹን በላ። ሌላ ወንድ ልጅ አልነበረውም።

በ1933 ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ ኔርንስት ከዩኒቨርሲቲ ሥራው ለቀቀ። ሁለት ሴቶች ልጆቹ ያገቡት አይሁዳውያንን ስለነበር ከነቤተሰባቸው አገር ጥለው ተሰደዱ። እሱም ሲበሌ ወደሚባለው የገጠር ርስቱ ገብቶ ዓሣ ማርባት ያዘ። ዓሣን የመረጠውም ደመ ቀዝቃዛ ስለሆነና እንደ ከብት ዓለምን በከንቱ ስለማያሞቅ ነው እየተባለ ይቀለዳል። በኖቬምበር 18 ቀን 1941 እዚያው አረፈ።

ከሞተ ከ35 ዓመት በኋላ ሁለቱ ምሰሶዎች መኪና ላይ ተገናኙ። በ1976 የቦሽ ኩባንያ የሠራው የኦክስጅን ሴንሰር ቮልቮ መኪና ላይ ተገጠመ። ሴንሰሩ ውስጥ ያለው ያው ዚርኮኒያ ነው። በአንድ ወገኑ ንጹሕ አየር፣ በሌላ ወገኑ የሞተር ጭስ ይነካዋል። ሲሞቅ የኦክስጅን አዮኖችን ያሳልፋል፤ በሁለቱ ወገን ያለው የኦክስጅን ልዩነትም በ1889ኙ ቀመር መሠረት ቮልት ይሆናል። ካልሞቀ አይሠራም የተባለው የአምፖሉ እንከን እዚህም አለ፤ ዛሬ ሴንሰሩ የራሱ ማሞቂያ ያለው ለዚህ ነው። ጭስ ማውጫ ውስጥ ግን ሙቀት ሞልቷል።

የመጀመሪያው ሴንሰር ግን የሚያውቀው አዎና አይደለም ማለትን ብቻ ነው። ለአንድ ኪሎ ቤንዚን 14.7 ኪሎ ያህል አየር ትክክለኛው ልክ ነው። ቤንዚን ከዚህ ሲበዛ 0.9 ቮልት ገደማ፣ ሲያንስ 0.1 ቮልት ገደማ ያሳያል። በምን ያህል እንደበዛ ወይም እንዳነሰ ግን አይናገርም። በ1994 ቦሽ ያወጣው ዋይድባንድ ይህን ፈታ። በውስጡ ካለች ጠባብ ክፍል ኦክስጅን በኤሌክትሪክ ይወጣል ወይም ይገባል፤ የኔርንስቱ ክፍል እንደ ዳኛ ሆኖ ልኩ 0.45 ቮልት ላይ እንዲጸና ያደርጋል። ለዚህ የወጣው የኤሌክትሪክ መጠን ትክክለኛውን ቁጥር ይነግረናል።

ቱርቦ ያለውን ሞተር የሚያስተካክል ሰው የሚፈልገው ይህን ቁጥር ነው። ቱርቦው በሙሉ ጉልበት ሲነፋ የቤንዚን ሞተር 14.7 ላይ ሊቆይ አይገባውም። አብዛኞቹ ባለሙያዎች ለአንድ ኪሎ ቤንዚን ከ11.5 እስከ 12.5 ኪሎ አየር ይሰጡታል፤ ትርፉ ቤንዚን እሳቱን ያበርድለታል። ቁጥሩ ወደ ላይ ከሸሸ እግርን ከነዳጅ መስጫው ማንሳት፣ ከዚያ የሞተሩን ኮምፒውተር ማስተካከል ነው። ለእኛ ደግሞ ጉዳዩ ሩቅ አይደለም። እንደ ሶዶ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፉ በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል፤ ቱርቦ የደጋ መኪናን የሚጠቅመው ለዚህ ነው። ከ2024 ወዲህ ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገራችን እንዳይገቡ ስለተከለከለ፣ እጃችን ላይ ያሉትን ሞተሮች ጠብቆ ማቆየት የግድ ሆኗል።

እኔ የጋዜጠኝነት ተማሪ እንጂ መካኒክ አይደለሁም። የኔርንስት ሕይወት ግን የሚያሳስበኝ ነገር አለው። አንዱ ሥራው ለብዙ ዘመን ወረቀት ላይ የቆየ ቀመር ነበር፤ ሌላው ከገበያ የተባረረ አምፖል። ኦክስጅን የሚለካው መሣሪያ የተገኘው ከሁለቱ ነው። በጦርነቱ ጊዜ ግን ያው ዕውቀት ለመርዝ ጋዝም ዋለ። ሴንሰር የሚለካው የተሰጠውን ነው። ቁጥሩን አንብቦ እግሩን የሚያነሳው ሰው ነው።