አቡነ አረጋዊ፡ ከወንድሞቻቸው ጋር በረሃን የናፈቁ አባት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

በቡልቡላ፣ በጽዋ ማኅበራችን ዝክር ጸበል ጸዲቁ ከተቀመሰ በኋላ ዘወትር የሚነሣ አንድ የቆየ ወግ አለ። ጡረታ የወጡትም ሆኑ ሊወጡ የተቃረቡት አባቶች፣ ልጆቻቸውን ለወግ ለማዕረግ ካበቁ በኋላ በአንድነት ከከተማ ርቀው፣ ጥቂት መሬት አርሰው፣ ቀፎ ሰቅለው፣ በደወል ተነሥተው በጸሎት የሚያድሩበትን ቦታ ያስባሉ። አንዱ የዝዋይ ሐይቅ ደሴቶችን ይጠቅሳል፤ ሌላው ዝቋላን ይመርጣል። ወጉ ጣፋጭ ነው። ነገር ግን በየጊዜው ከመካከላችን አንዱን እየሸኘን፣ ወጉ ብቻ ባለበት ቀርቷል። ስለዚህ ይህን ናፍቆት ከእኛ በፊት ናፍቀው፣ ዋጋውንም ከፍለው የኖሩትን የአቡነ አረጋዊን ሕይወት በዚህ ጽሑፍ ለማየት ወደድን።

አቡነ አረጋዊ የሮም ሰው ናቸው። አባታቸው ይስሐቅ፣ እናታቸው እድና ይባላሉ፤ የመጀመሪያ ስማቸውም ዘሚካኤል ነበር። ከነገሥታት ወገን ሲሆኑ፣ በወጣትነታቸው የዚህን ዓለም ክብር ትተው በግብጽ በረሃ ወደነበረው ወደ አባ ጳኩሚስ ገዳም ገብተው መነኰሱ። በዕድሜ ልጅ ሳሉ በአእምሮ ሽማግሌ ሆነው ስለተገኙ አረጋዊ ተብለው ተጠሩ።

የገቡበትን ገዳም ሥርዓት ማወቅ ለነገራችን ይጠቅማል። አባ ጳኩሚስ አስቀድሞ ወታደር የነበሩ፣ በአራተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ በላይኛው ግብጽ መነኰሳትን በአንድ አጥር፣ በአንድ ማዕድና በአንድ አበምኔት ሥር የሰበሰቡ አባት ናቸው። በገዳማቸው ሥራ የሌለው መነኵሴ አልነበረም፤ አንዱ ሰሌን ይሠራል፣ አንዱ ያርሳል፣ አንዱ ይጋግራል፣ ሌላው ድውያንን ያስታምማል። እጅ ሲሠራ አፍ ይጸልያል። የገዳም አንድነት ማለት የወዳጆች ስብስብ ብቻ ሳይሆን፣ የሥራና የመታዘዝ አንድነት መሆኑን አቡነ አረጋዊ የተማሩት በዚያ ነው።

ገድላቸው እንደሚነግረን፣ ስለ ኢትዮጵያ በሰሙ ጊዜ አስቀድመው ወደ አክሱም መጥተው የሕዝቡን ሃይማኖት አዩ። ከዚያም ብቻቸውን አልቀሩም፤ ተመልሰው ያዩትን ለወንድሞቻቸው ነገሩ። በዚህም ጥሪ በአምስተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ፣ በንጉሥ አልአሜዳ ዘመን፣ ዛሬ ተስዓቱ ቅዱሳን የምንላቸው አባቶች ወደ አገራችን ገቡ። እነርሱም አባ ጰንጠሌዎን፣ አባ ገሪማ፣ አባ ሊቃኖስ፣ አባ ጽሕማ፣ አባ አሌፍ፣ አባ አፍጼ፣ አባ ጉባ፣ አባ ይምዓታና አቡነ አረጋዊ ናቸው። ከእነርሱ መካከል አባ ገሪማ በሮም በዙፋን ላይ ሳሉ ከአባ ጰንጠሌዎን የተላከ መልእክት ደርሷቸው መንግሥታቸውን ትተው እንደመጡ ይነገራል። ወዳጅ ወዳጁን ወደ ድካም ጠራው፤ የተጠራውም እሺ አለ።

እነዚህ አባቶች በአክሱም ቤተ ቀጢን በተባለ ስፍራ 12 ዓመት በአንድነት ተቀመጡ። ጊዜውን በዕረፍት አላሳለፉትም፤ የአገሩን ቋንቋ ተማሩ፣ መጻሕፍትን ወደ ግእዝ በመመለስ ደከሙ፣ ሕዝቡንም አስተማሩ። ከሩቅ አገር የመጡ፣ በአንድ ልብ የሚጸልዩና በአንድ ማዕድ የሚቀመጡ ወንድሞች እስከ ዕለተ ሞታቸው እንዲሁ ቢኖሩ ማን ይወቅሳቸው ነበር?

ነገር ግን ተለያዩ። አባ ጰንጠሌዎንና አባ ሊቃኖስ በአክሱም አቅራቢያ በሚገኙት ኮረብታዎች ቀሩ፤ አባ አፍጼ ወደ ይሐ፣ አባ ገሪማ ወደ መደራ፣ አባ ይምዓታና አባ ጉባ ወደ ገርዓልታ ሄዱ። አቡነ አረጋዊም እናታቸውን እድናንና ደቀ መዝሙራቸውን ማቴዎስን ይዘው ወደ ደብረ ዳሞ አመሩ። የናፈቁትን አንድነት በእጃቸው ከያዙ በኋላ ለወንጌል ሲሉ ለቀቁት። ይህ ከመንግሥት መውጣት ያላነሰ መሥዋዕት ነው።

ዳሞ ዙሪያው ገደል የሆነ አምባ ነው። ጻድቁ መውጫ ባጡ ጊዜ፣ በቅዱስ ሚካኤል ጠባቂነት ርዝመቱ 60 ክንድ የሆነ ዘንዶ ወደ ላይ እንዳወጣቸው ገድላቸው ይመሰክራል። ኋላም ዐፄ ገብረ መስቀል በአምባው ላይ ቤተ ክርስቲያኑን ሲያሠሩ የተሠራው መወጣጫ፣ ሥራው ከተፈጸመ በኋላ በጻድቁ ቃል እንዲፈርስ ተደረገ፤ የቦታውም ስም ከዚሁ የመጣ ነው ይባላል። እስከ ዛሬ ወደ ዳሞ የሚወጣው በገመድ ነው። እናታቸው እድና ወደ አምባው አልወጡም፤ ከሥሩ በሚገኘው ስፍራ በምንኵስና ኖሩ። በላይ ደግሞ መነኰሳቱ ዐለቱን ፈልፍለው የዝናም ውኃ ማጠራቀሚያ አበጁ፤ በየተራቸውም በሥራና በጸሎት ተጠመዱ። ጻድቁም በዚህ ሁኔታ ገዳሙን ካጸኑ በኋላ ጥቅምት 14 ቀን ተሰወሩ፤ ቤተ ክርስቲያናችንም ዕለቱን በየዓመቱ ታከብራለች።

ይህ ታሪክ ለእኛ ለቡልቡላ ምእመናን ሩቅ አይደለም። ትውፊቱ እንደሚያስረዳው፣ በዮዲት ዘመን የአክሱም ካህናት ታቦተ ጽዮንን ይዘው በመሸሽ በዝዋይ ሐይቅ ደሴት በደብረ ጽዮን ተጠልለዋል። ጻድቁ ያስተማሩበት የአክሱም በረከት እስከ ደጃችን ደርሷል ማለት ነው።

እንግዲህ የተወደዳችሁ ምእመናን፣ በዝክር ላይ የምናወጋውን ናፍቆት ማንም ከንቱ ነው አይበለን። ነገር ግን ከጻድቁ ሕይወት ሦስት ነገር እንማር። ገዳም የጡረታ ማረፊያ ሳይሆን የሥራ ቦታ ነው፤ ጉልበታችን ሁሉ ካለቀ በኋላ የተረፈውን ብቻ ይዘን ልንሄድ አይገባም። ዳግመኛ የወዳጆች አንድነት ያለ አባትና ያለ ሥርዓት አይጸናም። ሦስተኛውም፣ አብረን ሆነን የጀመርነውን እግዚአብሔር ሲያዘን ለብቻችን ለመፈጸም መዘጋጀት አለብን።

ወደ ሩቅ ቦታ እስክንሄድም መጀመሪያው በእጃችን ነው። ማኅበራችን አንድ ቀን መርጦ የአጥቢያችንን ቅጽር ቢያጸዳ፣ ችግኝ ቢተክል፣ የአብነት ተማሪዎችን ቀለብ ቢችል፣ ወጉ ወደ ሥራ ይለወጣል። ያን ጊዜ ከመካከላችን የሚሸኘው ወንድም በምኞት ላይ ሳይሆን በአገልግሎት ላይ ሳለ ይሸኛል።

የአባታችን የአቡነ አረጋዊ ረድኤትና በረከት ከሁላችን ጋር ይሁን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።