ጆ ስሎቮ፦ ስደተኛ ሆነው የገቡባት፣ ስደተኛ ሆነው የታገሉላት አገር

ስደት በእያንዳንዳችን ቤት የሚወራ ጉዳይ ነው። በዚህ የኢዮቤልዩ መጽሔታችንም የአንድ ስደተኛ የሕይወት ታሪክ እንዲገባ የፈለግነው ለዚህ ነው። የመረጥናቸው የደቡብ አፍሪካ ኮሚኒስት ፓርቲ መሪ የነበሩትን ጆ ስሎቮን ነው። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ኮሚኒስት የሚለው ቃል በብዙዎቻችን ቤት የደርግን ዘመንና የቀይ ሽብርን ሐዘን እንደሚቀሰቅስ እናውቃለን። ያንን ቁስል ሳንረሳ፣ ቃሉ በሌላ አገር ምን ዓይነት ሰው እንዳፈራ ማየቱ ይጠቅማል ብለን እናምናለን።

ስሎቮ በ1926 በሊትዌኒያ፣ ኦቤሊያይ በምትባል ትንሽ ከተማ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለዱ። ቤተሰቡ ኑሮ ፍለጋ ወደ ደቡብ አፍሪካ የመጣው እርሳቸው ገና ልጅ ሳሉ ነው። በትውልድ ከተማቸው የቀሩት አይሁዶች በ1941 በናዚዎችና በግብረ አበሮቻቸው ተጨፈጨፉ። ስደቱ ነፍሳቸውን አተረፈላቸው ማለት ነው።

በጆሃንስበርግ ግን ሕይወት አልተመቻቸውም። እናታቸው በልጅነታቸው ሞቱባቸው፤ አባታቸው የጭነት መኪና ይነዱ ነበር። ስሎቮ ትምህርታቸውን አቋርጠው በአንድ የመድኃኒት አከፋፋይ ድርጅት ተቀጠሩ፤ እዚያም ወደ ሠራተኛ ማኅበር ገቡ። በ1942 የኮሚኒስት ፓርቲ አባል ሆኑ። በዚያን ጊዜ ጥቁርና ነጭ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ በእኩልነት የሚቀመጡበት ሌላ ፓርቲ አልነበረም ማለት ይቻላል። በቆዳቸው ቀለም የነጭ መብት የተሰጣቸው ይህ ስደተኛ፣ መብቱን ከተነፈጉት ጋር መቆምን መረጡ።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመቻ ሲመለሱ በዊትዋተርስራንድ ዩኒቨርሲቲ ሕግ አጠኑ፤ ከኔልሰን ማንዴላ ጋርም ተዋወቁ። በ1949 ጋዜጠኛዋን ሩት ፈርስትን አገቡ፤ እርሳቸውም የአይሁድ ስደተኞች ልጅ ነበሩ። ሦስት ሴቶች ልጆች ወለዱ። በ1950 መንግሥት ኮሚኒስት ፓርቲን በሕግ አገደ፤ ፓርቲው ከሦስት ዓመት በኋላ በኅቡዕ ተቋቋመ። በ1956 ባልና ሚስቱ ከማንዴላና ከሌሎች ጓዶቻቸው ጋር በአገር ክህደት ተከሰሱ።

በ1960 በሻርፕቪል ሰላማዊ ሰልፈኞች በፖሊስ ጥይት ከተገደሉ በኋላ፣ ማንዴላና ስሎቮ በ1961 የትጥቅ ትግሉን ክንፍ ካቋቋሙት መካከል ነበሩ። ማንዴላ በ1962 ወደ አዲስ አበባ መጥተው በኮልፌ ወታደራዊ ሥልጠና የወሰዱት ለዚሁ ሠራዊት ነው። ስሎቮ በ1963 ለተልእኮ ከአገር ወጡ። ብዙም ሳይቆይ ጓዶቻቸው በሪቮንያ ተያዙ፤ ሩት ፈርስትም ያለ ክስ 117 ቀን ታሰሩ። ስሎቮ ሳይመለሱ 27 ዓመት አለፈ። ለንደን፣ አንጎላ፣ ሞዛምቢክና ዛምቢያ ተራ በተራ ቤታቸው ሆኑ።

ትግሉ ንጹሕ ነበር ብለን አናስውበውም። እርሳቸው ከመሪዎቹ አንዱ በነበሩበት ሠራዊት በ1983 በፕሪቶሪያ የተጠመደ ቦምብ 19 ሰው ገድሏል፤ ከሞቱት ውስጥ ሲቪሎች ነበሩ። ከዚያ ቀደም ብሎ በነሐሴ 1982 ደግሞ፣ የደቡብ አፍሪካ የጸጥታ ፖሊስ የላከው የደብዳቤ ቦምብ ሩት ፈርስትን በማፑቶ ዩኒቨርሲቲ ቢሯቸው ውስጥ ገደላቸው።

ስሎቮ በ1985 የአፍሪካ ብሔራዊ ኮንግረስ ሥራ አስፈጻሚ አባል ሆነው የተመረጡ የመጀመሪያው ነጭ ሆኑ፤ በዚያው አሥርት ዓመት የኮሚኒስት ፓርቲው ዋና ጸሐፊነትም ተሰጣቸው። ለረጅም ዘመን የሶቪየት ኅብረት ደጋፊ ነበሩ። በ1990 መጀመሪያ ግን ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ዴሞክራሲ የሌለው ሶሻሊዝም መክሸፉን፣ የራሳቸው ፓርቲም የስታሊንን ዘመን ጥፋት ሳይነቅፍ መኖሩን አመኑ። ዘግይተዋል እንላለን፤ ቢሆንም ስሕተቱን በአደባባይ ከማመን አልሸሹም።

በዚያው ዓመት እገዳው ተነሥቶ ወደ አገራቸው ተመለሱ። ድርድሩ ሲደናቀፍ፣ በ1992 ብዙ ጓዶቻቸውን ያስቆጣ ሐሳብ አቀረቡ፦ ከምርጫው በኋላ ለተወሰኑ ዓመታት የጥምር መንግሥት እንዲኖር፣ የነባሮቹ መንግሥት ሠራተኞች ሥራና ጡረታም እንዲጠበቅ። ሚስታቸውን ከገደለባቸው ሥርዓት ጋር መደራደር ምን ያህል እንደሚከብድ መገመት አያስቸግርም። ሐሳባቸው ግን ለ1994ቱ ምርጫ መንገድ ከጠረጉት አንዱ ሆነ።

ማንዴላ የቤቶች ሚኒስትር አድርገው ሾሟቸው። በካንሰር እየተሠቃዩ እስከ መጨረሻው ሠሩ፤ በጥር 6 ቀን 1995 ዐረፉ። በሶዌቶ አቫሎን መካነ መቃብር፣ በጥቁሮቹ መካከል ተቀበሩ፤ የአገሪቱ የአይሁዶች ዋና ረቢም በሥርዓቱ ላይ ተናገሩ። በኬፕ ታውን አንድ የድሆች ሰፈር በስማቸው ይጠራል። የሰፈሩ ነዋሪዎች ግን ከዚያ ላለመነሣት እስከ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት በ2009 ተሟግተዋል፤ ስሎቮ የጀመሩት የቤት ጉዳይ ገና እንዳልተፈታ ያሳያል።

አንድ ነገር ሳንጨምር አናበቃም። ሴት ልጃቸው ሾን በ1988 ስለ እናቷ እስር የፊልም ጽሑፍ ጻፈች፤ እኅቷ ጊሊያንም በ1997 የቤተሰቡን ታሪክ አሳተመች። በሁለቱም ውስጥ ኩራትም ቅሬታም አለ፦ ወላጆቻቸው ለሕዝብ ሲኖሩ፣ ልጆቹ ወላጆቻቸውን ናፍቀው አደጉ።

ለእኛ ለስደተኛ ቤተሰቦች ትምህርቱ እዚህ ላይ ነው። ስሎቮ የተወለዱበት አገር ሳይሆን የደከሙለት አገር አገራቸው ሆነ፤ ዋጋውን ግን ብቻቸውን አልከፈሉም። እኛም ለማኅበራችንና ለምንኖርበት አገር ስንሮጥ፣ በሌለንበት ማታ እራት ላይ የሚጠብቁንን ልጆች እናስብ። ለምን እንደምንሮጥም ተቀምጠን እንንገራቸው።