ካሣ ኃይሉና የአለቆቹ ንቀት

ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ የተጻፈው አብዛኛው ታሪክ የሚያተኩረው በዘውዳቸውና በመቅደላው ፍጻሜ ላይ ነው። ዘውድ ከመጫናቸው በፊት፣ ካሣ ኃይሉ ተብለው በሌላ ጌታ ሥር ያገለገሉበት ዘመን ግን ከዚያ ባላነሰ ሊጤን ይገባዋል። በማናቸውም ሙያ ተሰማርቶ ከበላዩ አለቃ፣ ከበታቹም ታዛዥ ያለው ሰው ሁሉ ከዚህ ዘመን የሚማረው አያጣምና።

ካሣ በ1811 ዓ.ም. ገደማ በቋራ ተወለደ። አባቱ ኃይሉ ወልደ ጊዮርጊስ የቋራ ባላባት ነበር። አባቱ ከሞተ በኋላ እናቱ ወይዘሮ አትጠገብ ተቸግራ ጎንደር ላይ ኮሶ ትሸጥ ነበር እየተባለ በጠላቶቹ ዘንድ ሲወራ ኖሯል፤ ይህም ስድብ እስከ ዙፋኑ ድረስ ተከትሎታል። የቤተ ክህነት ትምህርት ከቀሰመ በኋላ በዘመዱ በደጃዝማች ክንፉ ቤት ውትድርናን ተማረ። ደጃዝማች ክንፉ በ1831 ዓ.ም. ሲሞቱ ደምቢያ በራስ ዓሊ እናት በእቴጌ መነን እጅ ገባ። ተስፋው የተቆረጠበት ካሣም ወደ ቋራ ቆላ ወርዶ ሸፈተ።

ሽፍታው እየበረታ ሲሄድ ገዥዎቹ በጦር ከማሳደድ ይልቅ በጋብቻ ማሰርን መረጡ። የራስ ዓሊን ልጅ ወይዘሮ ተዋበችን ዳሩለት፤ የቋራንም ሹመት ሰጡት። ካሣም በእቴጌ መነን ሥር ሆኖ በታማኝነት ማገልገሉን ቀጠለ። በሹመት ቢቀበሉት ግን በልባቸው አልተቀበሉትም፤ በቤተ መንግሥቱ ዘንድ ምንጊዜም የቆላ ሽፍታ ነበር።

በቃልም በጽሑፍም እንደ ቆየን፣ ካሣ በምዕራቡ ጠረፍ ከግብፅ ጦር ጋር ሲዋጋ ቆሰለ። ቁስሉን የሚያክመው ባለመድኃኒት በቅድሚያ አንድ ላም እንዲሰጠው ጠየቀ። ካሣ በጊዜው እጁ ባዶ ስለ ነበር ወደ እቴጌ መነን ላከ። እቴጌይቱ ግን በላም ፈንታ የአንድ ላም ሩብ ሥጋ ብቻ ላኩለት። በዚህ ከእሱ ይልቅ የተቆጣችው ሚስቱ ተዋበች እንደ ነበረችም ይተረካል።

ነገሩ የሥጋ ማነስ አልነበረም። በጥንቱ የጭፍርነት ሥርዐት ሎሌ ለጌታው ደሙን ያፈሳል፤ ጌታም በበኩሉ ሎሌው ሲራብ ያበላዋል፣ ሲቆስል ያሳክመዋል፣ ሲሞት ቤተሰቡን ይጦራል። ይህ ያልተጻፈ ውል የሁለት ወገን ነው። እቴጌ መነን የጣሱት ይህንኑ ውል ነበር፤ ያውም ሰውየው ከአልጋ መነሣት በማይችልበት ሰዓት። አለቃ የበታቹን በሥራ ጉድለቱ ቢገሥጽ ማዕርጉ ይፈቅድለታል። በደከመበት ሰዓት ቢንቀው ግን የገዛ ሥልጣኑን መሠረት ይንዳል።

ካሣ ከቁስሉ ሲድን አገልግሎቱን ትቶ እንደገና ሸፈተ። እቴጌይቱ ደጃዝማች ወንድይራድን ላኩበት። ወንድይራድ የኮሶ ሻጯን ልጅ አስሮ እንደሚያመጣ ፎክሮ ዘመተ፤ ነገር ግን ድል ሆኖ ተማረከ። ካሣም ኮሶ አስጠጣው። በ1839 ዓ.ም. እቴጌ መነን ራሳቸው ዘምተው በተራቸው ተማረኩ። ካሣ ግን ንግሥቲቱን አልገደለም፤ የሚገባውን ግዛት በድርድር አስመልሶ ለቀቃቸው። በነዚህ በሁለቱ ድርጊቶች ውስጥ የካሣ ሁለት ባሕርይ ይታያል። ወንድይራድን ኮሶ ሲያስጠጣ ንቀትን በንቀት መለሰ፤ መነንን ሲለቅ ግን የጠብ ግቡ መብትን ማስከበር እንጂ በቀል አለመሆኑን ያወቀ ሰው ሆኖ ተገኘ። በ1840 ዓ.ም. በደባርቂ የግብፅ መድፍ ሲያሸንፈውም ሽንፈቱን በሌላ ላይ አላላከከም፤ የጦር ሥርዐትን አስፈላጊነት ተማረበት።

በጉር አምባ፣ በአይሻልና በደረስጌ ድል አድርገው በ1847 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ሲነግሡ ይህን ትምህርት በሥራ ለመተርጎም ሞከሩ። የየአገሩን ሰው በአንድ ክፍለ ጦር ቀላቀሉ፤ የአሥር አለቃ፣ የሃምሳ አለቃ፣ የመቶ አለቃና የሻለቃ ማዕርግን አቋቋሙ፤ ወታደሩ ባላገሩን ከሚዘርፍ ደመወዝ እንዲቀበል ወጠኑ። የበታቹ ቀለብ በበላዩ ፈቃድና ስሜት ብቻ እንዳይወሰን የታሰበ ነበር ማለት ይቻላል።

ይሁን እንጂ ንጉሡ የተጠሉትን አለቆች መንገድ ቀስ በቀስ ራሳቸው ተከተሉት። ይህን ከሚመሰክሩት አገሮች አንዱ ሸዋ ነው። በ1848 ዓ.ም. የዘመቱበት ሸዋ መንዝን፣ ግሼንና ዛሬ ዓለም ከተማ በጀማና በወንጪት መካከል የምትገኝበትን መርሐቤቴን የሚጨምር፣ መንዜዎቹ መኳንንት ያቋቋሙት መንግሥት ነበር። ንጉሥ ኃይለ መለኮት ሲሞቱ ወጣቱን ምኒልክን ይዘው ሄዱ፤ እንደ ልጅ አሳደጉት፤ ልጃቸውን አልጣሽንም ዳሩለት። በሸዋ ግን ዓመፅን በጭካኔ ቅጣት ለማጥፋት ስለ ሞከሩ ቂሙ በረታ። ራሳቸው የሾሙት አቶ በዛብህ ከዳቸው፤ በ1857 ዓ.ም. ደግሞ ምኒልክ ከመቅደላ አምልጦ አገሩ ገባ። ለአንድ ሰው የሚደረግ ቸርነት ለብዙዎች የሚገባውን ፍትሕ ሊተካ አልቻለም።

የመጨረሻዎቹ ዓመታት ይህንኑ ያጸናሉ። ወታደሩ በየጊዜው ከዳ፤ ጎንደር በ1859 ዓ.ም. ተቃጠለች። ፊታውራሪ ገብርዬን የመሰሉ ታማኞች እስከ ዓሮጌ ውጊያ ድረስ ጸንተው ወደቁ እንጂ የቀረው ጦር በነገሡ ጊዜ ከነበራቸው እጅግ ያነሰ ነበር። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በመቅደላ ራሳቸውን ሠዉ።

ካሣ ኃይሉ የበታች ሳለ የሚገባውን ጠየቀ፤ ሲናቅ ተለየ፤ ሲያሸንፍም ተደራደረ። ዐፄ ቴዎድሮስ የበላይ ሲሆኑ ግን የበታቾቻቸው አቤቱታ የሚሰማበትን በር አልከፈቱም። ስለዚህ ቅር የተሰኘ ሹም የቀረለት መንገድ ካሣ ራሱ በወጣትነቱ የሄደበት የሽፍትነት መንገድ ብቻ ሆነ። በአለቃ ንቀት የተጎዳ ሰው ወደ አለቅነት ሲወጣ አስቀድሞ ሊሠራው የሚገባው ያንን በር ነው።