የብፁዕ አቡነ ጴጥሮስ የሕይወት ታሪክ

እያንዳንዱ ሕዝብ ነፃነቱን የሚያስታውስበት ምልክት አለው። አሜሪካኖች በፊላዴልፊያ ከተማ የሚገኘውን የተሰነጠቀ ደወል፥ ኮከብና መስመር ያለበትን ባንዲራቸውንም ያከብራሉ። ከዚህም ሌላ በኒውዮርክ ከተማ በማዘጋጃ ቤቱ አጠገብ እጁና እግሩ የታሰረ የአንድ ወጣት ሐውልት አቁመዋል። ይህ ወጣት ናታን ሄል ይባላል። የትምህርት ቤት መምህር ነበረ። አገሩ ለነፃነቷ ከእንግሊዝ ጋር ስትዋጋ የጠላትን ጦር ሊሰልል ሄዶ ተያዘና፥ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1776 ዓመት፥ ገና የ21 ዓመት ጎልማሳ ሳለ ተሰቀለ።

ይህን ታሪክ በትምህርት ቤት ባነበብሁ ጊዜ ወዲያው ትዝ ያለኝ በአዲስ አበባ ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ሳይርቅ የቆመው የብፁዕ አቡነ ጴጥሮስ ሐውልት ነው። እርሳቸውም አስቀድመው መምህር ነበሩ፤ እርሳቸውም በጠላት እጅ ወድቀው ሞቱ። ስለዚህ በዚህ በትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት ላይ የእርሳቸውን ሕይወት በአጭሩ ለመጻፍ አሰብሁ።

አቡነ ጴጥሮስ በ1875 ዓ.ም. በሰላሌ፥ በፍቼ ተወለዱ። ከአዲስ አበባ ወደ ጎጃም የሚሄደው መንገድ የእኛን ሱሉልታን አቋርጦ ስለሚያልፍ፥ አገራቸው ለእኛ ጎረቤት ነው ማለት ይቻላል። የልጅነት ስማቸው ኃይለ ማርያም ነበረ። ከፊደል ጀምረው የቤተ ክርስቲያንን ትምህርት ተማሩ፤ በደብረ ሊባኖስ ገዳምም መነኮሱ። ከዚያ በኋላ የተማሩትን ለሌሎች በማስተማር ብዙ ዘመን ኖሩ። በዚህ ጊዜ ስማቸውን የሚያውቁት ደቀ መዛሙርታቸውና መነኮሳቱ ነበሩ እንጂ የአገሩ ሕዝብ ሁሉ አልነበረም።

ከአባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ዘመን ጀምሮ፥ ይኸውም ከአራተኛው መቶ ዓመት ወዲህ፥ ለኢትዮጵያ ጳጳስ የሚላክላት ከግብፅ ነበረ። ጳጳሱ በሞተ ጊዜ ሌላው እስኪመጣ ድረስ አዲስ ቄስና ዲያቆን የሚሾም አይገኝም ነበር። በ1921 ዓ.ም. ግን አብርሃም፥ ጴጥሮስ፥ ሚካኤልና ይስሐቅ የተባሉ አራት ኢትዮጵያውያን መነኮሳት በካይሮ ከተማ ጵጵስና ተቀበሉ። ይህ ቀን በጦር ሜዳ ከሚገኝ ድል የማያንስ ነው፤ የአገሩ ልጅ የአገሩ እረኛ ሆኗልና።

ሰባት ዓመት ሳይሞላ የኢጣሊያ ጦር አገራችንን ወረረ። አቡነ ጴጥሮስ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ወደ ሰሜን ዘመቱ። መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በማይጨው ጦርነት ሠራዊታችን ተሸነፈ፤ ሚያዝያ 27 ቀን ጠላት አዲስ አበባ ገባ። በዚያን ጊዜ ወደ ውጭ አገር የተሰደዱ ብዙዎች ነበሩ። አቡነ ጴጥሮስ ግን ወደ ደብረ ሊባኖስ ተመልሰው አርበኞችን ያጽናኑና ይመክሩ ጀመር።

በሰላሌ የነበሩት የራስ ካሣ ልጆች አበራና አስፋ ወሰን ከሌሎች የአርበኞች አለቆች ጋር ተማክረው፥ አዲስ አበባን በየአቅጣጫው ከበው በአንድ ጊዜ ሊያስለቅቁ ቆረጡ። ሐምሌ 21 ቀን ውጊያው ተጀመረ። ነገር ግን ጊዜው ክረምት ነው፤ ወንዙ ሞልቷል፤ መንገዱ ጭቃ ነው። አንዱ ጦር ሌላው የት እንደ ደረሰ የሚያውቅበት ሬዲዮ አልነበረውም። አንዱ ሲደርስ ሌላው ስለዘገየ ምክሩ ሳይሳካ ቀረ፤ አቡነ ጴጥሮስም ተያዙ።

ጠላት የእኒህን ሽማግሌ ሞት ከመፈለግ ይልቅ ቃላቸውን ይፈልግ ነበር። አርበኞች ሽፍቶች ናቸው ብለው እንዲያወግዙና ሕዝቡ እንዲገዛ እንዲመክሩ ጠየቃቸው። መድፍና አውሮፕላን ያለው መንግሥት የአንድ መነኩሴ ቃል ለምን አስፈለገው? ሕዝቡ ለመድፍ ቢሸሽም የሚያምነው የመምህሩን ቃል መሆኑን ስላወቀ ነው። አቡነ ጴጥሮስም ይህን ያውቁ ነበር። ስለዚህ እምቢ አሉ፤ ሕዝቡም ምድሪቱም ለወራሪ እንዳይገዙ ገዘቱ። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በሕዝብ ፊት በጥይት ተደብድበው ሞቱ። ዕድሜያቸው 53 ዓመት ነበረ።

አብረዋቸው ከተሾሙት መካከል አቡነ ሚካኤል በ1929 ዓ.ም. በጎሬ በጠላት እጅ ተገደሉ። አቡነ አብርሃም ግን ለኢጣሊያኖች አድረው በእነርሱ ፈቃድ የቤተ ክርስቲያን አለቃ ተባሉ። ይህን የጻፍሁት በሙታን ላይ ለመፍረድ አይደለም፤ ነገር ግን ሌላ መንገድ ተከፍቶ ሳለ አቡነ ጴጥሮስ አውቀው ሞትን እንደ መረጡ እንድናስተውል ነው። በግንቦት 1929 ዓ.ም. ደግሞ ያደጉበት የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት በብዙ መቶ ተቆጥረው ተጨፈጨፉ።

አገራችን ነፃ ከወጣች በኋላ ሐውልታቸው ቆመ። በ1951 ዓ.ም. ቤተ ክርስቲያኒቱ የራሷን ፓትርያርክ አገኘች። ሐውልቱ በ2005 ዓ.ም. የከተማው ባቡር መንገድ ሲሠራ ተነሥቶ በቤተ መዘክር ተቀመጠ፤ በ2008 ዓ.ም. ወደ ቦታው ተመለሰ። ድንጋይ ይነሣል፥ ይመለሳልም። ተሽጦ የማይመለሰው ቃል ነው።

ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፥ እኛ ዘንድሮ ትምህርታችንን ጨርሰን እንለያያለን። ከመካከላችን መምህር፥ ጸሐፊ፥ ዳኛ የሚሆን ይኖራል። ማንም በጠመንጃ ፊት ላያቆመን ይችላል፤ ነገር ግን ያላየነውን አይተናል እንድንል፥ እውነት ባልሆነ ወረቀት ላይ እንድንፈርም የሚጠይቀን ሰው አይታጣም። በዚያን ቀን፥ ከሰላሌ የወጡት መምህር ለአንዲት አጭር ቃል ምን እንደ ከፈሉ እናስብ።