ኒኮስ ፓፓታኪስ፦ ከአዲስ አበባ የተሰደደ የፊልም አዘጋጅ ሕይወትና ሥራ

የኢትዮጵያ ፊልም ታሪክ ሲጻፍ መነሻ የሚሆኑት ብዙውን ጊዜ በአገር ውስጥ የተቀረጹ ሥራዎች ናቸው። «ሂሩት አባቷ ማነው» እና «ጉማ» በዚህ ረገድ ደጋግመው ይጠቀሳሉ። በዚህ አካሄድ ከታሪኩ ውጭ ከሚቀሩት አንዱ፣ አዲስ አበባ ተወልዶ በፈረንሳይና በግሪክ አምስት ረጃጅም ፊልሞችን ያዘጋጀው ኒኮስ ፓፓታኪስ ነው። የ«ጉማ» አዘጋጅ ሚሼል ፓፓታኪስ በቤተሰብ ስም ቢመሳሰለውም ሌላ ሰው ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የኒኮስን የሥራ ጉዞ ባጭሩ መከተልና የፋሺስት ኢጣልያ ወረራ በፊልሞቹ ውስጥ ያለውን ቦታ ማመልከት ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ፓፓታኪስ ከግሪካዊ አባትና ከኢትዮጵያዊት እናት ጁላይ 5 ቀን 1918 ተወለደ። በ1935 ኢጣልያ ኢትዮጵያን ስትወር የ17 ዓመት ወጣት ነበር፤ ከኢትዮጵያ ወገን ተሰልፎ ወታደር ሆነ። ከሽንፈቱ በኋላ መጀመሪያ ወደ ሊባኖስ፣ ቀጥሎም ወደ ግሪክ ተሰደደ፤ በ1939 ፓሪስ ገባ።

በፓሪስ ከእነ ዣን ፖል ሳርትርና ዣክ ፕሬቬር ጋር ተዋወቀ። በ1947 የከፈተው «ላ ሮዝ ሩዥ» የተባለው የምሽት ቤት እንደ ጁልየት ግሬኮ ያሉ አርቲስቶች የታወቁበት መድረክ ሆነ። በ1950 ደራሲው ዣን ዥኔ በአዘጋጅነት የሠራውን ብቸኛ ፊልም በፕሮዲዩሰርነት አሠራ፤ ፊልሙ ለብዙ ዓመታት በእገዳ ሥር ቆየ። ፈረንሳይ በአልጄሪያ የምታካሂደውን ጦርነት በመቃወም በ1957 አገሪቱን ለቆ ኒውዮርክ ገባ፤ እዚያም የጆን ካሳቬተስ «ጥላዎች» የተሰኘው ፊልም እንዲጠናቀቅ በገንዘብ ረዳ።

አዘጋጅ ሆኖ የቀረበው 45 ዓመት ሊሞላው ሲል ነው። «ጥልቆቹ» (1963) መነሻው በ1933 በለ ማን ከተማ ሁለት እኅትማማች የቤት ሠራተኞች እመቤታቸውንና ልጇን የገደሉበት እውነተኛ ወንጀል ነው። ፊልሙ ግን ወንጀሉን አይመረምርም። ደመወዝ የተነፈጉት ሠራተኞች የጌቶቻቸውን ቤት ሲያፈርሱ ያሳያል፤ ጌቶቹም በተራቸው ሲለማመጡ፣ ሲያባብሉና ሲዋሹ ይታያሉ። አዘጋጁ ታሪኩን የአልጄሪያ ትግል ምሳሌ አድርጎ ነበር ያሰበው። የባህል ሚኒስትሩ አንድሬ ማልሮ በካን ፌስቲቫል እንዲታይ አደረገ፤ በዚያም ከፍተኛ ውዝግብ አስነሣ።

በግሪክ የተቀረጸው የ1967ቱ ፊልም ደግሞ አንድ ድኻ እረኛ የባለጠጋን ልጅ በመሻቱ የሚደርስበትን ውርደት ይተርካል። በዚያው ዓመት ወታደሮች በአቴንስ ሥልጣን ሲይዙ ፓፓታኪስ ከተቃዋሚዎቻቸው ጎን ቆመ። «ግሎሪያ ሙንዲ» (1976) በቅኝ ገዥዎች የምትሠቃይ አልጄሪያዊት ታጋይን ለመጫወት ስትል ራሷን የምታሠቃይ ተዋናይት ታሪክ ነው። ነቀፌታው በገራፊዎቹ አያበቃም፤ የሌሎችን መከራ በሳሎን ተቀምጠው የሚያወሩትን የፓሪስ ምሁራንም ይነካል። ፊልሙ በሚታይበት ሲኒማ ቤት ቦምብ በመፈንዳቱ ከመታየት ታገደ። ከዚህ በኋላ የሠራቸው «ፎቶግራፉ» (1986)ና «በገመድ ላይ ተራማጆች» (1991) ናቸው። የሕይወት ታሪኩን በ2003 በፈረንሳይኛ አሳተመ፤ ዲሴምበር 17 ቀን 2010 በፓሪስ ዐረፈ።

ከአምስቱ ፊልሞች አንዱም ስለ ኢትዮጵያ አይደለም። ሆኖም አብዛኞቹ አንድ ጥያቄ ይመላለስባቸዋል፤ የተዋረደ ሰው ለአዋራጁ ምን ምላሽ ይሰጣል? ይህን ጥያቄ ከወጣትነቱ ጦርነት ጋር ማያያዝ የዚህ ጸሐፊ ንባብ ነው። ሆኖም አገሩን በወረራ ያጣ ሰው ለሌላ ሕዝብ ነጻነት ሲል ሁለተኛ አገሩን ለቆ መሄዱ ንባቡን ይደግፋል።

የኃይሌ ገሪማ «ሳንኮፋ» ኢትዮጵያ ውስጥ ያልተቀረጸና ስለ ኢትዮጵያም ያልተሠራ ቢሆንም በአገራችን የፊልም ጥናት ውስጥ ቦታ አለው። ስለዚህ መስፈርታችን የቀረጻ ቦታ ወይም የታሪክ መቼት ብቻ አይደለም ማለት ነው። ፓፓታኪስን ኢትዮጵያዊ አዘጋጅ ብሎ መጥራት ፈረንሳይኛና ግሪክኛ የሚናገሩትን ሥራዎቹን ያለ አግባብ መውሰድ ሊሆን ይችላል። ጨርሶ መተው ግን ወረራው ከአገር ያስወጣቸውን ሰዎች በታሪክ ጽሑፍም ዳግመኛ ማስወጣት ነው። ተገቢው ቦታው የስደት ምዕራፍ ነው፤ ይህ ምዕራፍም ከ1974ቱ አብዮት ሳይሆን ከ1935ቱ ዘመቻ ሊጀምር ይገባል።