ዣን ማርታን ሻርኮ፦ ሕመም የማይሰማውን እግር የመረመሩ ሐኪም

እግር ሲታመም ባለቤቱን ያስጠነቅቃል፤ ሕመም ሳይሰማው ሲፈርስ ግን ባለቤቱም ሐኪሙም ሊዘናጉ ይችላሉ። ይህ ጥፋት ከነርቭ ጉዳት ጋር ያለውን ግንኙነት በማስረዳት ስማቸው ከሁሉ ጎልቶ የሚነሣው ፈረንሳዊው ሐኪም ዣን ማርታን ሻርኮ ናቸው። ከዚህ በታች የተመለከቱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሻርኮ በ1825 በፓሪስ ከተማ ከሠረገላ ሠሪ አባት ተወለዱ። በ1853 ያቀረቡት የዶክትሬት ጽሑፍ ሪህን ሥር ከሰደደ የመገጣጠሚያ ቁርጥማት ስለ መለየት የሚያትት ነበር። በ1862 በሳልፔትሪየር ሆስፒታል በኃላፊነት ተመደቡ። ሆስፒታሉ በሺህ የሚቆጠሩ ድኾች፣ አረጋውያትና ሕሙማን ሴቶች የሚጦሩበት ሰፊ ግቢ ነበር። ሻርኮ በዚያ ሕሙማኑን በሕይወት ሳሉ ለዓመታት ይከታተሉ ነበር፤ ሲሞቱም አስከሬናቸውን መርምረው፣ ቀድሞ ያዩትን ምልክት በአንጎልና በኅብለ ሰረሰር ላይ ካገኙት ጉዳት ጋር ያስተያዩ ነበር።

በዚህም አሠራር በ1868 አንድ ትልቅ ነገር ይፋ አደረጉ። ታቤስ በተባለው የኅብለ ሰረሰር በሽታ፣ ማለትም ዛሬ የቂጥኝ ውጤት መሆኑ በታወቀው ደዌ፣ የተያዙ ሰዎች መገጣጠሚያቸው በድንገት ያብጣል፤ አጥንቱም ያን ያህል ሕመም ሳያስከትል ይፈርሳል። ሻርኮ የጥፋቱን ምንጭ ከነርቭ ሥርዓት ፈለጉ። አንዳንድ የጀርመን ሊቃውንት ደግሞ ስሜት ያጣ መገጣጠሚያ በተደጋጋሚ ስለሚጎዳ ነው ሲሉ ተከራከሩ። በዛሬው ዕውቀት ሁለቱም ወገኖች ከእውነቱ ድርሻ አላቸው። በ1881 በለንደን በተደረገው ዓለም አቀፍ የሕክምና ጉባኤ ላይ ግኝቱ ሰፊ ትኩረት አገኘ፤ በሽታውም በስማቸው ተጠራ።

በ1882 በነርቭ በሽታዎች ትምህርት የፕሮፌሰርነት መንበር ተሰጣቸው። በ1886 ከተማሪያቸው ከፒዬር ማሪ ጋር፣ ከእግር የሚጀምርና በዘር የሚተላለፍ የጡንቻ መስለልን ገለጹ፤ በዚያው ዓመት እንግሊዛዊው ቱዝ ይህንኑ በሽታ ገልጾ መነሻው ከኅብለ ሰረሰር ውጪ ያሉት ነርቮች መሆናቸውን በትክክል አመለከተ። በ1890 ደግሞ ሻርኮ በስኳር በሽታ ምክንያት እግሮቹ ስለ ዛሉ አንድ ሕመምተኛ ጻፉ። ይሁን እንጂ ያን የሚፈርስ መገጣጠሚያ ከስኳር በሽታ ጋር ሳያገናኙት በ1893 አረፉ። ግንኙነቱን ዊልያም ጆርዳን የተባሉ አሜሪካዊ ሐኪም የገለጹት በ1936 ነው።

ዛሬ በብዙ የዓለም ክፍል የሻርኮ እግር ቀዳሚ መንሥኤ የስኳር በሽታ ነው። ነርቮች ሲጎዱ በእግር ውስጥ ያሉት ትናንሽ ጡንቻዎች ይሰልላሉ፤ ጣቶች እንደ ጥፍር ይቆለመማሉ፤ ክብደቱም ከጣቶቹ ሥር ባሉት የአጥንት ጫፎች ላይ ያርፋል። ስሜት የሌለው ቆዳ በጫና ሲቆስል ሕመምተኛው አያውቅም። አጥንቱ መፍረስ ሲጀምር ደግሞ እግሩ ይቀላል፣ ያብጣል፣ ከሌላው እግር በ2 ዲግሪ ሴንቲግሬድና ከዚያም በላይ ሊሞቅ ይችላል። የመጀመሪያው የራጅ ፎቶግራፍ ምንም ላያሳይ ስለሚችል፣ እንደ ኢንፌክሽን ወይም እንደ ወለምታ ተቆጥሮ ይታለፋል፤ ሕመምተኛውም ይራመድበታል፤ መሐል እግሩም ይደረመሳል። በጊዜው ከታወቀ ግን እግሩ በጀሶ ተይዞ ከክብደት እንዲያርፍ በማድረግ ቅርጹን ማዳን ይቻላል።

ሻርኮ ስለ ሂስቴሪያ ያስተማሩት ብዙው ትምህርት ከእርሳቸው በኋላ በገዛ ተማሪያቸው በባቢንስኪ ሳይቀር ተትቷል። ሕመምተኛን ገልጦ በዓይን የማየት ልማዳቸው ግን አላረጀም። የስኳር ሕመምተኛ በመጣ ቁጥር ጫማውን አስወልቆ ሁለቱን እግሮች ጎን ለጎን ማየትና በእጅ መዳሰስ ጥቂት ደቂቃ እንጂ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። አላመመኝም የሚለው ሕመምተኛ ከሁሉ አስቀድሞ መታየት ያለበት ነው።